ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ አሮጌ የቴኒስ ራኬት አስጠግኖ መቀጠል ይሻላል ወይስ ሌላ መግዛት?

ጠያቂ፦

ሰላም የቴኒስ ወዳጆች። ያለሁት ሐዋሳ ነው። እጄ ላይ ያለው ራኬት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ግራፋይት ነው፤ የራኬቱ ራስ (ክሩ የተወጠረበት ክፍል) ስፋት 95 ስኩዌር ኢንች፣ የክሩ አደራደር 16 በ19 (16 በቁመት፣ 19 በአግድም)፣ ክብደቱ ከነክሩ 345 ግራም። አንገቱ ላይ ክሩ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ እንዲወጠር ይላል። ክሩ ከተቀየረ አራት ዓመት ሆኖታል። እጄታው ላይ የተጠመጠመው ግሪፕ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲነቀነቅ ከውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤ አናቱ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥቁሩ ይታያል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ኳሱ ከመስመር እያለፈ መውጣቱ ነው። አስጠግኜው ልቀጥል ወይስ ከስፖርት ዕቃ ሱቅ አዲስ ልግዛ? ሐዋሳ ውስጥ የትኛውን ሥራ ለማን መስጠት ይቻላል? አዲስ አበባ መላክስ ያዋጣል?

ክር ወጣሪ፦

ወንድሜ፣ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይወስንም። ያልተሰነጠቀ ግራፋይት ከ30 ዓመት በኋላም ያጫውታል፤ ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ፍሬሙን፣ ማለትም ያለ ክሩ ያለውን የራኬቱን አካል፣ መርምረው። ለምርመራው ክሩ መውጣት አለበት፤ አራት ዓመት የቆየ ክር ለምንም ስለማይሆን አትሳሳለት።

አቆራረጡ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የራሱን ቅርጽ የያዙት የቁመትና የአግድም ክሮች እርስ በርስ ተሳስበው ነው። አንዱ ወገን ብቻ ከለቀቀ ሌላው ፍሬሙን ይጠመዝዘዋል። ከመሐል ጀምረህ ቁመቱንና አግድሙን አንድ ላይ በሰያፍ እየቆረጥክ ወደ ዳር ውጣ። ለወደፊቱም ጨዋታ ላይ አንድ ክር ሲበጠስ ቤት እስክትደርስ ሳትጠብቅ ሁሉንም በዚሁ መንገድ ቁረጠው።

ከዚያ ንጹሕ ጥጥ ያዝና ፍሬሙን ዙሪያውን ቀስ ብለህ አሸው፤ በተለይ በሰዓት አቆጣጠር ስታስበው ከ10 እስከ 2 ያለውን አናት፣ 3 እና 9 ላይ ያሉትን ጎኖች፣ አንገቱ የሚገናኝበትንም ቦታ። ጥጡ ከያዘበት ላይ ቆም በልና በጥፍርህ ፈትሽ። የተላጠ ቀለም ጠርዙ ይሰማል፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ግን ልሙጥ ነው። ስንጥቅ ከሆነ መስመሩ ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በአውራ ጣት ስትጫነው ይከፈታል ወይም ይንጫጫል። በሳንቲም ቀስ እያልክ ምታው። ደኅና ግራፋይት ዙሪያውን አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከታፈነ እዚያ ውስጡ ተለያይቷል ማለት ነው።

ራሱ ላይ ስንጥቅ ካገኘህ ጉዳዩ አለቀ፤ ለማንም ጠጋኝ አትስጠው። ምክንያቱን ቁጥሩ ይነግርሃል፤ 16 እና 19 ሲደመር 35 መስመር ክር ነው፣ እያንዳንዱ በ22 ኪሎ ግድም ሲሳብ ድምሩ 770 ኪሎ ይሆናል። ኢፖክሲ የሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ የተቀባ ስንጥቅ ይህን አይሸከምም። ክር መወጠሪያ ማሽኑ ላይ ይፈነዳል፣ የወጣሪውንም እጅ ሊጎዳ ይችላል።

ውስጡ የሚንኳኳው ነገር አያስደንግጥህ። አብዛኛውን ጊዜ ከእጄታው ውስጥ የተፈረፈረ ፎም፣ የደረቀ ማጣበቂያ ወይም የወለቀ ስቴፕል ነው። እጄታው ግርጌ ላይ ያለውን ክዳን በቀጭን ካቻቪቴ ከፍተህ ራኬቱን አራግፈው። የማይወጣ ከሆነ ትንሽ ጥጥ አስገብተህ ዝጋው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ክዳኑን ይዘህ ስታዞረው እጄታው ራሱ ከፍሬሙ ላይ ከተንቀሳቀሰ ፎሙ ለቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አሮጌ ራኬትን ከሜዳ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ሳይሆን ግሮሜት ነው። ግሮሜት የምንለው ክሩ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች ነው። ከዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፣ አፋቸው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ክሩ የግራፋይቱን ስለታም ጠርዝ በቀጥታ ይነካል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ክር መሐል ላይ ሲበጠስ የተለመደ ማርጀት ነው፤ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ እየደጋገመ ከተበጠሰ ግሮሜቱን ተመልከት። ሞዴሉ ከገበያ የወጣ ራኬት ሙሉ የግሮሜት ስብስቡን ማግኘት ይከብዳል፤ ሁለት ሦስቱ ብቻ ከተሰበሩ ግን በነጠላ ይተካሉ። ከስድስትና ሰባት በላይ ከሆነ፣ ወይም ክሩ ፍሬሙን ራሱን ቦርቡሮ ከገባ፣ እኔ አልወጥረውም።

የቀረው ቅርጹ ነው። ክሩ የወጣለትን ራኬት ካርቶን ላይ አስተኝተህ የራሱን ዙሪያ በእርሳስ ንደፍ፤ ከዚያ ራኬቱን ገልብጠህ እዚያው መስመር ላይ አስቀምጠው። ግራና ቀኙ ሳይገጥም 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ከዚህ በፊት በመጥፎ ማሽን ተወጥሯል። ርዝመቱንም ለካ፤ የተለመደው 68.6 ሴንቲ ሜትር ነው። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲተኛም ራሱ መወላገድ የለበትም።

አሠልጣኝ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ኳሱ ስለመውጣቱ ግን ራኬቱን ከመክሰስህ በፊት ኳሱን ተመልከት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን የሚያዘገየው ነገር ይቀንሳል፤ የውጩ ግፊት ዝቅ ስለሚልም ከኳሱ ውስጥ ያለው ግፊት በንጽጽር ይበረታና ኳሱ ከፍ ብሎ ይነጥራል። አዳማ የሚጫወቱም ያው ናቸው፣ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮውን ሳታነብ አትግዛ። «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ከሆነ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነው። ካላገኘህ «ፕረሸርለስ» የሚባለው፣ ውስጡ ተጨማሪ ግፊት የሌለው ኳስ ሁለተኛው ምርጫ ነው። እሱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን ሲመታ ይከብዳል፣ ክንድ የሚያመው ሰው ቢተወው ይሻላል። መለኪያው ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ 2.54 ሜትር ምልክት አድርግና ኳሱን ከዚያ ልቀቀው። በባሕር ጠለል መለኪያ መንጠር ያለበት ከ135 እስከ 147 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ስትለቀው ከ147 በብዙ ካለፈ ቆላ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚጫወት ሰው የተሠራ ኳስ ነው የያዝከው።

ያረጀ ክርም ያው ጥፋት አለው። ውጥረቱ ሲላላ ኳሱን እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥረዋል እንጂ አይገዛውም። ስለዚህ አራት ዓመት በቆየ ክርና በቆላ ኳስ ተጫውተህ ስለ ፍሬሙ ልትፈርድ አትችልም።

ስለ 345 ግራሙ አንድ ነገር ልበል። ለጎልማሳ ተጫዋች ከባድ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። ከባድ ራኬት የኳሱን ምት ራሱ ይቀበለዋል፣ ክርንህ ያርፋል። ሚዛኑን ደግሞ በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጠህ እየው። የ68.6 ሴንቲ ሜትር ራኬት መሐሉ 34.3 ነው፤ የሚመዛዘንበት ነጥብ ከዚያ ወደ እጄታው ካዘነበለ ክብደቱ እጅህ ውስጥ ስለሆነ ማወዛወዙ አይከብድም። ለልጅ ግን እንዳትሰጠው። ለልጅ እንደ ቁመቱ 23፣ 25 ወይም 26 ኢንች ይገዛለታል።

ከሐዋሳ፣ ስለ ሠራተኞቹ፦

ሥራውን ከፋፍለህ ስጥ። ሁሉንም ለአንድ ሰው መስጠት ነው ራኬት የሚያበላሸው።

ግሪፕ ለመቀየር ጎበዝ ጫማ ሰፊ በቂ ነው፤ እንዲያውም ራስህ ትችለዋለህ። የላይኛውን ናስትሮ አንሳ፣ ግርጌ ላይ ያለውን ስቴፕል በፒንሳ ንቀል፣ የሚጣበቀውን ግሪፕ ተርትረህ አውጣው። የቀረውን ማጣበቂያ በአልኮል ጥረገው። ቤንዚን እንዳይነካው፣ የእጄታውን ፎም ይበላዋል። ጫማ ሰፊውም ማስቲሽ ካልቀባሁ እንዳይልህ፤ አዲሱ ግሪፕ የራሱ ማጣበቂያ አለው፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ግሪፕ በሚቀጥለው ሲነሳ ፎሙን ይዞ ይነሳል። ከግርጌ ጀምረህ እየሳብክ ጠምጥመው፤ አንዱ ዙር በሌላው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይደረብ። ልኩን ለማወቅ ከቀለበት ጣትህ ጫፍ እስከ መዳፍህ መካከለኛ መስመር በሜትር ለካ፤ 108 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቁጥር 2፣ 111 ከሆነ ቁጥር 3 ነው። ከላይ የሚጠመጠም ቀጭን ኦቨርግሪፕ ግማሽ ቁጥር ያህል ይጨምራል።

ብስክሌት ጠጋኞቻችን እጃቸው የተባረከ ነው፣ ግን የሚሠሩልህ የእጄታውን ክዳን ማጥበቅና የተነቀለ ብሎን ማስገባት ብቻ ነው። ብየዳ ቤት የሚባለውን እርሳው። የአልሙኒየም ራኬት እንኳ ሲበየድ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ይለሰልሳል፤ ክር ሲወጠር አጠገቡ ይታጠፋል።

ክር ላይ ግን የከተማችን ፈተና አለ። በወስፌ እየወጋጉ በእጅ የሚወጥሩ አሉ። ኃይሉ ከክር ክር ስለሚለያይ አንዱ 15 ኪሎ፣ ሌላው 25 ሊሆን ይችላል፤ ፍሬሙን የሚይዘው ነገር ስለሌለም ራሱ ይዛነፋል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስገባ የሚል ምክርም ትሰማለህ፤ ሐይቁ አጠገባችን ነውና ርካሽ ነው። ያ ክር የተሠራው ዓሣ ሲጎትተው እንዲለጠጥ ነው፤ በማግስቱ ይላላል፣ ላዩም አንሸራታች ስለሆነ ቋጠሮው ይፈታል። የባድሜንተን ክርም አይሆንም፤ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፣ የቴኒሱ ደግሞ ከ1.20 እስከ 1.35።

ስለዚህ ቴኒስ ሜዳ ያላቸውን ሪዞርቶችና አሠልጣኞች ስትጠይቅ «ክር ትወጥራላችሁ?» ብለህ አትቁም። ማሽኑን አሳዩኝ በል። ፍሬሙን ስንት ቦታ ይይዘዋል? ስድስት ቦታ የሚይዝ ለአሮጌ ፍሬም ይሻላል፤ ሁለት ቦታ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ወጣሪው በጣም ጥንቁቅ መሆን አለበት። የሚስበው በተንጠልጣይ ክብደት ነው፣ በእጅ በሚዘወር ነው ወይስ በኤሌክትሪክ? በእጅ የሚዘወረው ልኩ ላይ ሲደርስ ይቆልፋል፤ ክሩ ከዚያ በኋላ ስለሚላላ በተመሳሳይ ቁጥር ከሌሎቹ ላላ ብሎ ይወጣል። ክብደት የሚንጠለጠልበት ቀርፋፋ ቢሆንም እጁን ካወቀ ሰው ጋር አስተማማኝ ነው። ሠራተኛው ስንት ፓውንድ እንደምትፈልግ ካልጠየቀህ፣ ወይም ቁመቱን ብቻ ወጥሮ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ካለህ፣ ራኬትህን ይዘህ ውጣ። በቁመት ብቻ የተወጠረ ራስ ያድርበት ዘንድ አልተሠራም፤ እያጠረና ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል።

ከአዲስ አበባ፦

መላኩ ያዋጣል፣ አላላኩ ካወቅህ። ከሐዋሳ እዚህ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ ከበላዩ ምን እንደሚጫንበት አታውቅም። ክሩን አስቀድመህ ቁረጠው፣ ራሱን በሁለት ካርቶን መሐል አድርገህ በናስትሮ እሰረው። ካርቶኑ ላይ በወረቀት ጻፍ፦ 16 በ19፣ የክሩ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ስንት ፓውንድ፣ የተሰበሩት ግሮሜቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ «በሁለት ቁራጭ ይወጠር» የሚለውንም፤ ቁመቱ በአንድ ክር፣ አግድሙ በሌላ ማለት ነው። በአንድ ክር ሲወጠር አግድሙ ከአንገት ወደ አናት ሊሄድ ይችላል። አሮጌ ፍሬም ላይ አግድሙ ከአናት ጀምሮ ወደ አንገት ቢወርድ ነው የሚመረጠው፤ ያንን በሁለት ቁራጭ ማግኘት ይቀላል።

ስታዲየም ዙሪያ ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ራኬትና ኳስ ይሸጣሉ። እዚያ ስትሄድ አዲሱን ራኬት ከአሮጌህ ጋር አስተያይ እንጂ ከቀለሙ ጋር አትስማማ። ላዩ ላይ «ካርቦን» ተጽፎ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሞልቷል። አንገቱን ተመልከት፤ ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘው ለብቻው የተገጠመ ፕላስቲክ ከሆነ አልሙኒየም ነው። ግራፋይት ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ ነው። በጥፍርህ ስትመታው የቆርቆሮ ድምፅ ከሰጠም ያው ነው። በትንሽ ገንዘብ ለጀማሪ ይሆናል፤ ጠንክሮ ለሚመታ ሰው ግን ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ ከታጠፈም አይመለስም። ለእኔ ደኅና የሆነ የ1990ዎቹ ግራፋይት በአዲስ ክር ከእሱ በእጅጉ ይበልጣል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ራኬት ከማስያዝህ በፊት ክር አስይዘው። አንድ እሽግ 12 ሜትር ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። 200 ሜትሩ ጥቅል 16 ራኬት ይወጥራል፤ አራት ጓደኛሞች ቢካፈሉት ለሁለት ዓመት ይበቃል። ያገለገለ ራኬት የሚያመጣልህ ከሆነ ግን የአናቱን መከላከያ፣ የአንገቱንና የግርጌውን ፎቶ ሳታይ እሺ አትበል።

የእንጨት ራኬት ላላችሁ ሰዎች ባጭሩ፦ ዊምብልደን ላይ የእንጨት ራኬት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በመጭመቂያ መያዣው ታስሮ ካልተቀመጠ፣ በተለይ ሐይቅ ዳር እርጥበት ባለበት ከተማ፣ ይጣመማል። ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ክር ወጣሪ፦

ክሩ ምን ይሁን ለሚለው፦ ናይለን፣ ማለትም ሲንተቲክ ገት፣ 1.30 ሚሊ ሜትር። ፖሊስተር አታስገባ። ፖሊስተር ደረቅ ነው፤ ሳይበጠስ ከ15 እና 20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ ይሞታል፣ ሰው ግን ስላልተበጠሰ አይቀይረውም፣ ከዚያ የክርን ሕመም ይመጣል። ከከብት አንጀት የሚሠራው የተፈጥሮ ክር ከሁሉ ይመረጣል፣ ግን ለሐይቁ እርጥበት አይሆንም፣ ዋጋውም ለአሮጌ ፍሬም አይገባውም። ውጥረቱን 52 አድርገው። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጫወት ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይር።

አሠልጣኝ፦

52 ላይ አልስማማም። በዚህ ከፍታ 2 ወይም 3 ፓውንድ መጨመር የተለመደ ነው። 55 ቢሆን ኳሱን ይይዝለታል።

ክር ወጣሪ፦

ለአዲስ ፍሬም ቢሆን እሺ እልህ ነበር። ለ30 ዓመት ፍሬምና ለደረቀ ግሮሜት ግን አንገቱ ላይ ከተጻፈው ልክ ወደ ታችኛው ጫፍ የቀረበው ነው የሚሻለው። ከፍታውን በኳሱ ያስተካክል፤ ኳስ ይገዛል፣ ይህ ፍሬም ግን አይገዛም። በ52 ከሦስት ሳምንት በኋላም በትክክለኛ ኳስ እየወጣበት ከሆነ በሚቀጥለው 54 ያድርገው።

አሠልጣኝ፦

በዚህ እስማማለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይር፤ ክሩንም ኳሱንም ውጥረቱንም ባንድ ቀን ከቀየረ የትኛው እንደረዳው አያውቅም። መጀመሪያ ክሩ፣ ከዚያ ኳሱ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክሩን በሰያፍ ቆርጬ አወጣሁት። ጥጡ የትም አልያዘም፣ ድምፁም አንድ ዓይነት ነው፣ በካርቶኑ ላይ ግራና ቀኙ ገጥሟል። ከእጄታው የወጣው የደረቀ ማጣበቂያ ነው። ግሮሜት ግን ሁለት ተሰብረዋል፣ ሁለቱም አናቱ ላይ፣ የአናቱ መከላከያ ፕላስቲክም በአንድ በኩል አልቋል። ሳልልከው በፊት እዚሁ የማስተካክለው ነገር አለ?

ክር ወጣሪ፦

አለ። እንዲህ ከሆነ ራኬቱን አትጣለው፣ ገና ብዙ ያጫውትሃል።

ለግሮሜቱ የሚሻለው ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ ነው፤ ከሌለ የእስክሪብቶ ቀለም መያዣ ቱቦ ለጊዜው ይሠራል፣ በአልኮል በደንብ ታጥቦ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ግን አትጠቀም፣ ለስላሳ ስለሆነ ክሩ በአንድ ቀን ይቆርጠዋል። የተሰበረውን ግሮሜት ጉቶ በምላጭ አስተካክለህ ቁረጥ፤ ከሥሩ ያለውን የፕላስቲክ ቀበቶ እንዳትነካው፣ ሌሎቹን የያዘው እሱ ነው። ቱቦውን ከውጭ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ወደ ክሩ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ፣ በውጭ በኩል 2 ሚሊ ሜትር አስቀርና በጋለ ካቻቪቴ ጫፍ ነካ አድርገህ አፉን ክፈተው፤ ክር ሲሳብ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዘው ያ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ ሁለት ሦስቴ አዙረው፣ ከዚያ በላይ አታስፋው።

ያለቀውን መከላከያ የራኬት ራስ ቴፕ ለጥፍበት። እሱ ከሌለ የጨርቅ ፕላስተር በአንድ ድርብ ብቻ፤ አናት ላይ 5 ግራም እንኳ ሲጨመር ማወዛወዙ ላይ ይሰማሃል። ቴፑን የምትለጥፈው ክሩ ተወጥሮ ከመጣ በኋላ ነው፤ ቀድመህ ከለጠፍከው ወጣሪው ቀዳዳውን ለማግኘት ይቀደዋል። ተወጥሮ ሲመለስልህ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተወው፣ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ደግሞ እነዚያን ሁለት ቀዳዳዎች ተመልከት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ ቱቦው እየተቆረጠ ነውና ሳይበጠስ አውልቀህ በቴፍሎን ቀይረው።